ሥዕላችሁን እስከ ማተሚያው ድረስ ተከተሉት

ልጆቼ፣

ብዙዎቻችሁ ሥዕሉን ስትጨርሱ ፋይሉን ለማተሚያ ቤት ትልኩና «የቀረው የእነሱ ሥራ ነው» ትላላችሁ። እኔ ዕድሜዬን በህትመት ሥዕል ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ይህን ስሰማ እንግሊዛዊው ሠዓሊና የህትመት ባለሙያ ዊልያም ዳንኤል ትዝ ይለኛል።

ዊልያም በ1769 እ.ኤ.አ. ተወለደ። አባቱ ሲሞት ሠዓሊው አጎቱ ቶማስ አሳደገው። ገና ጎረምሳ ሳለ አጎቱን ተከትሎ ሕንድ ገባ። ካልካታ ላይ ከተማዋን የሚያሳዩ 12 ሥዕሎች አትመው ለመሸጥ ተነሱ። የሠለጠነ ረዳት ግን እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ሠዓሊውም፣ መዳብ ቀራጩም፣ አታሚውም እነሱው ሆኑ።

የሠሩበት ዘዴ አኳቲንት ይባላል። የመዳብ ሰሌዳው ላይ የሙጫ ዱቄት ይነሰነስና በሙቀት ይጣበቃል። ነጭ ሆኖ እንዲቀር የተፈለገው ቦታ በቫርኒሽ ይሸፈናል። ከዚያ ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ይገባል። ብዙ የቆየው ክፍል ይጠቁራል። ጥቂት ካሳለፋችሁት ሰማዩ ይበላሻል፤ መመለሻም የለው። ይህን የሚማረው እጅ ነው። ታትሞ ሲወጣ ደግሞ በውሃ ቀለም በእጅ ይቀባል።

በ1794 አገራቸው ተመለሱ። የሕንድ ሥዕሎቻቸውን እስከ 1808 ድረስ በ144 ሰሌዳዎች አወጡ።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በ1813 ዊልያም የብሪታንያን ባሕር ዳርቻ እየዞረ በሥዕልና በጽሑፍ መጽሐፍ ማዘጋጀት ጀመረ። አብሮት የሚጽፈው ሪቻርድ አይተን ከሁለት ቅጽ በኋላ ተለየው። ዊልያም ጽሑፉንም ራሱ ያዘ። በ1825 ሲያበቃ 8 ቅጽ፣ 308 ሥዕል ሆነ። በስኮትላንድ ያለችውን የስታፋ ደሴትን ዋሻ የሚያሳዩትን ፈልጋችሁ እዩ። ያ ስስ ጭጋግ፣ ያ ሰማያዊና ግራጫ! ሰሌዳውን ከአሲድ መቼ ማውጣት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው።

በ1822 የእንግሊዝ ሠዓሊያን ማኅበር የሆነው የሮያል አካዳሚ ሙሉ አባል ሆኖ ሲመረጥ የተሸነፈው ሠዓሊው ጆን ኮንስታብል ነበር። ዛሬ ኮንስታብል ይበልጥ ይታወቃል፤ ይገባዋልም። ዊልያምን ግን መርሳት ግፍ ይመስለኛል።

እባካችሁ፣ ቀጣዩን ሥራችሁን ይዛችሁ ማተሚያ ቤት ሂዱ። ማሽኑ አጠገብ ቁሙ። ወረቀቱን ዳስሱት። ጥቁሩ ለምን እንደደበዘዘ ባለሙያውን ጠይቁና ማስታወሻ ያዙ። በእጃችሁ ማተም የምትፈልጉ ደግሞ ከሊኖ፣ ማለትም ለስላሳ የሊኖሊየም ንጣፍ ቀርጾ ከማተም፣ ጀምሩ። አሲድ አይፈልግም፤ ቤት ውስጥ፣ በማንኪያ ጀርባ እያሻችሁም ማተም ትችላላችሁ።