የራሰ እንጀራ ለማይስማማው ሰው

ጥያቄ፦ የ28 ዓመት ሴት ስሆን የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ወጥ የጠጣ እንጀራ፣ ወጥ ውስጥ የሚንሸራተት ሽንኩርትና የተቀቀለ ጎመን አፌ ሲገቡ ያንገሸግሹኛል፤ ልዋጥ ብል ሊያስመልሰኝ ይደርሳል። ስለዚህ የምመገበው ደረቅ ዳቦ፣ ድንች ጥብስ፣ ብስኩትና የገብስ ቆሎ ነው። ሰሞኑን ድካም በዝቶብኝ ብመረመር ደሜ አንሶ ተገኘ። አማቴ «ቅብጠት ነው» ይላሉ። አመጋገቤን እንዴት ላስተካክል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቅብጠት አይደለም። የምግብ ልስላሴ፣ ሽታ ወይም ሙቀት ከሌላው ሰው ይልቅ ጎልቶ የሚሰማቸው ሰዎች አሉ፤ ማቅለሽለሹም በፈቃድ የሚመጣ ስላልሆነ በቁጣም ሆነ በልመና አይታገድም።

የዘረዘሯቸው ምግቦች አብዛኞቹ ደረቅ ናቸው። እንግዲያው ዓይንዎን ጨፍነው ጎመን ለመዋጥ ከመታገል ይልቅ የጎደለዎትን አፍዎ በለመደው ደረቅነት ውስጥ መፈለጉ ይሻላል፤ ለዚህም ከድርቆሽ የተሻለ መነሻ አይታየንም። የጤፍ እንጀራ ተቆራርሶ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ብረቱ አይጠፋም፤ የሊጡ መቡካትም ብረቱን አንቆ የሚይዘውን ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ፣ ድርቆሽ ሳይቦካ ከተጋገረ ቂጣ ይመረጣል። በረንዳ ላይ ሲያሰጡት ግን በስስ ጨርቅ ይሸፍኑት፤ የሰፈራችሁን አቧራ እናውቀዋለን።

ድርቆሹን አይፈርፍሩት። ሽሮውን ለብቻው በትንሽ ሳህን አድርገው የቁራሹን ጫፍ ብቻ ነከር እያደረጉ፣ ሳይርስ ወዲያው ይብሉት። የሽሮው ሽንኩርት በቢላ ከሚከተፍ ተፈጭቶ ቢቁላላ የሚንሸራተት ነገር አይገኝበትም። ከገብሱ ቆሎ ጋር የሽምብራ ቆሎ ቢቀላቅሉ ፕሮቲንም ብረትም ያገኛሉ፤ አጠገቡ ፍሬው የወጣ ጥሬ ቃሪያ ቢኖር ቫይታሚን ሲው ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል። ሻይና ቡና ደግሞ ብረቱን ስለሚያግዱ ከምግቡ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቁ። አዲስ ምግብ ሲሞክሩ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ ነጩን ዳቦ ጤፍ በተቀላቀለበት ዳቦ ሲተኩ ቅርፊቱ እንደ ቀድሞው ደረቅ ይሁን።

የደም ማነስ ግን በምግብ ብቻ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም፤ መንስኤው የብረት፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ወይም የደም መፍሰስ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይለየው። የሚበሏቸው ምግቦች እየተመናመኑ ወይም ክብደትዎ እየቀነሰ ከሄደ ይህንንም ሳያፍሩ ይንገሩት፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያ እንዲህ ያለውን ምግብን የመሸሽ ችግር ራሱን የቻለ የአመጋገብ ሕመም አድርጎ አስፍሮታል።

ቤተሰብዎም ጎመን ፈጭቶ ዳቦው ውስጥ እንዳይደብቅብዎት ያስጠንቅቁ፤ አንዴ ከነቁበት ዳቦውንም ይጠሉታል። አማትዎ «በሞቴ» ብለው የራሰ ጉርሻ ሲዘረጉ አፍዎን ዘግተው ከሚያስቀይሟቸው፣ «እማዬ፣ ከድርቆሹ ያጉርሱኝ» ይበሏቸው።