የቆየች ካቢን ጀልባ ወደ ጅማ ልታመጣ ላሰብከው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሐዋሳ አንድ ግቢ ውስጥ ለዓመታት የቆመች፣ ስድስት ሜትር ተኩል የምትሆን፣ ካቢን ያላት የፋይበር ግላስ ጀልባ አግኝተሃል። የቤንዚን ሞተሯ ከውስጥ ነው፣ እግሩና ፕሮፔለሩ ከኋላ ግድግዳዋ ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይገባል። ጅማ አጠገብ ባለው የግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ላይ እንግዳ ልታንሸራሽርባት ትፈልጋለህ። ጥያቄህ «ሞተሩን ላሳድስ ወይስ በትልቅ ልቀይር?» የሚል ነው።

ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሁሉ ስለ ሞተር ነው ያወሩት። አልፈርድባቸውም። እኔም ከእህቴ ባል ጋር ሆኜ እንዲህ ዓይነቷን ጀልባ እዚህ ጅማ ሳስገባ የጀመርኩት ከሞተሩ ነበር። መካኒክ ነኝ፣ ዓይኔ ሌላ ነገር አላይ አለኝ። ቴስታታ አወረድን፣ ጓርኒሲዮንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ቀየርን፣ ካርቡራተር አጠብን፣ ካንዴላ አዲስ አደረግን። ድምፁ ማር ሆነ። ውሃ በገባን በሦስተኛው ቀን ነዳጅ ስሰጥ ወደ ኋላ ዞር ብዬ ባይ፣ የኋላ ግድግዳዋ ወደ ውስጥ ወደ ውጭ ይተነፍሳል! ያ ሁሉ ወጪ የወጣበት ሞተር በበሰበሰ እንጨት ላይ ነበር የተንጠለጠለው። ቀስ ብለን ዳር ወጣን፣ ከዚያ ሞተሩን መልሰን አወረድነው።

ስለዚህ ሞተሩን ለጊዜው እርሳው። የእነዚህ ጀልባዎች የኋላ ግድግዳ ከውጭ ፋይበር፣ ከውስጥ ፋይበር፣ መሐሉ ኮምፔንሳቶ ነው። ወለሉን የሚሸከሙት ረጃጅም አግዳሚዎችም ብዙ ጊዜ በፋይበር የተሸፈነ እንጨት ናቸው። በየብሎኑ ቀዳዳ ውሃ ይሰርጋል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ከላይ ያለው ቀለም ግን እንዳማረበት ይኖራል። ሰው የሐይቁ ውሃ ያበሰበሳት ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ግን ሸራዋ ተቀዶ፣ የውሃ መውጫዋ በቅጠል ተደፍኖ፣ ስትቆም የጠጣችው ዝናብ ነው። ሐዋሳ ይህን ያህል ከሆነ፣ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንብበት ጅማማ ያለ ጣራ ብታቆማት ምን እንደምትሆን አስበው።

ምርመራው ውድ ዕቃ አይፈልግም። እናቶቻችን ገበያ ላይ ማሰሮ በጣታቸው አንኳኩተው አይደል የሚገዙት? አንተም በካቻቢቴ እጀታ ግድግዳዋን ከላይ እስከ ታች አንኳኳ፣ በተለይ በሞተሩ እግር ዙሪያና ከታች። ደረቅ ከሆነ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጥሃል፤ የበሰበሰው ድፍን ብሎ ይቀራል። ከዚያ ወለሏ ላይ በባዶ እግርህ ተራመድ፤ እንደ ፍራሽ የሚሰምጥ ቦታ ካለ ምልክት አድርግበት። በመጨረሻ ባለቤቱን አስፈቅደህ ከውስጥ በኩል፣ ዝቅ ብለህ፣ በ6 ሚሊ መሰርሰሪያ ኮምፔንሳቶው ድረስ ብሳ፣ የውጩን ፋይበር ግን እንዳትነካ። የሚወጣው ፍርፋሪ ደረቅና ፈዛዛ ከሆነ ደስ ይበልህ። ጠቁሮ፣ ረጥቦ፣ ኮምጣጣ ሽታ ካለው ዋጋው ላይ ተደራደር ወይም ተዋት። ባለቤቱ መብሳቱን እምቢ ካለ መልሱን ሰጥቶሃል።

በሽተኛ ሆና ብትገኝም ትድናለች፣ እኛ አድነናታል። የውስጡን ፋይበር ቆርጠህ ታነሳለህ፣ የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ድረስ ትጠርባለህ፣ በሁለት ንብርብር አዲስ ኮምፔንሳቶ በኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ማጣበቂያ) ለጥፈህ በፋይበር መልሰህ ታለብሳለህ። እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ተሳስተናል። መጀመሪያ ለኮንክሪት ፎርምወርክ የሚሸጠውን፣ ፊቱ ጥቁርና የሚያብረቀርቀውን ኮምፔንሳቶ እንዳለ ተጠቀምን፤ ማጣበቂያው ያንን ልባስ አይዝም፣ ሙሉ በሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ካልተፋቀ ይላቀቃል። ሁለተኛ በሐምሌ ሠራን። እርጥበቱና ቅዝቃዜው ሬዚኑን (ፋይበሩ የሚነከርበትን ፈሳሽ) እንደ ሙጫ አድርጎ አቆየው፣ ለሁለት ቀን እጅ ላይ ይጣበቅ ነበር። ሁሉንም ፍቀን በታኅሣሥ እንደገና ሠራነው፣ ያውም ጠዋት 4 ሰዓት አልፎ ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ። ፖሊስተር ሬዚን ከሆነ የምትይዘው ማጠንከሪያው ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፤ ቶሎ ይድረቅልኝ ብለህ ብታበዛው ይግላል፣ ይሰነጠቃል። ብሎን የሚገባበትን ቀዳዳ ሁሉ አስፍተህ ብሳው፣ በኢፖክሲ ድፈነው፣ ከደረቀ በኋላ መሐሉን በልኩ ብሳ። እንዲያ ከሆነ ብሎኑ እንጨት አይነካም፣ ውሃም መንገድ አያገኝም።

አሁን ወደ ሞተሩ። ግልገል ጊቤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,670 ሜትር አካባቢ ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ ተርቦ የሌለው ሞተር 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ወረቀቱ ላይ 100 የፈረስ ጉልበት የሚለው እኛ ጋ ከ83 ብዙም አይበልጥም። ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ኮምፕረሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት) ስትለካ ባሕር ጠረፍ ላይ 150 ፒኤስአይ የሚያሳየው ጤነኛ ሞተር እዚህ 120 አካባቢ ነው የሚያሳይህ፣ አየሩ ስለሳሳ ብቻ። እኔ ፋሻ የቀየርኩት ይህን ዘንግቼ ነው፤ የድሮዎቹ ምንም አልነበራቸውም። ቁጥሩን ሳይሆን የሲሊንደሮቹን ልዩነት ተመልከት። እርስ በርስ ከ10 በመቶ ብዙ ካልራቁ ሞተሩን አትክፈተው። ካርቡራተር ካለውም በፋብሪካው ጂግለር (ነዳጅ በልክ የሚያሳልፈው ቀዳዳ) ነዳጅ ይበዛበታል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። አንድ ሁለት ቁጥር አነስ አድርግለት። ፕሮፔለሩም ከፋብሪካው ልክ አንድ ወይም ሁለት ኢንች ያነሰ ፒች (በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚገፋው ርቀት) ይፈልጋል። አንድ ኢንች ስትቀንስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። ሞተሩ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት መጽሐፉ የሚለውን ዙር ካልደረሰ ታንቆ እየሠራ ነው ማለት ነው።

«በትልቅ ልቀይር» ላልከው፣ አትቀይር። እንግዳ የምታዝናናው ጉማሬና ወፍ ለማሳየት ከሆነ ፍጥነት ምን ያደርግልሃል? የአንተን ያህል ርዝመት ያላት ጀልባ በሰዓት እስከ 11 ኪሎ ሜትር ድረስ በትንሽ ጉልበት ትሄዳለች። ከዚያ በላይ ግን የራሷን ማዕበል መውጣት አለባትና ነዳጁ እንደ ውሃ ይፈሳል። የእኔ ምክር፣ የድሮው ሞተር ከተበላሸ እግሩ የሚወጣበትን የኋላ ቀዳዳ በአግባቡ ዘግተህ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ከኋላ የሚንጠለጠል ሞተር አድርግ። ያማሃ ከሆነ መለዋወጫውን ጣና ላይ የሚሠሩትን ጠይቀህ ታገኛለህ። ክብደቱ ይቀንሳል፣ ቤንዚንም ከካቢኑ ይወጣል።

የድሮው ከቆየ ግን ቤንዚኑ ከአንተ ጋር ነው የሚቀመጠው፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ተኝቶ ብልጭታ ይጠብቃል። ሞተር ከማስነሳትህ በፊት ማራገቢያውን ቢያንስ 4 ደቂቃ አሠራ። የመኪና ሞተሪኖና ዲናሞ በልኩ ቢገባም አትግጠም፤ የጀልባው ብልጭታ ወደ ውጭ እንዳያወጣ ተደርጎ የተዘጋ ነው፣ ዋጋው የተወደደውም ለዚህ ነው። ካቢኑ ውስጥ ቡና ላፈላ ያልከውን ሳነብ ደግሞ ደነገጥኩ። የጅማ ልጅ ነኝ፣ ያለ ቡና እንግዳ እንደማይቀበል አውቃለሁ። ግን ከሰል፣ የተዘጋ ካቢንና ቤንዚን አንድ ላይ አይሆኑም፤ እሳቱ ቢቀር እንኳ የከሰሉ ጭስ ሰው ይገድላል። ዳር ላይ አፍልተህ በፔርሙስ ያዝ፣ ቄጠማውን ጀልባዋ ላይ ጎዝጉዝ።

የውሃው ጠባይም የራሱ ነው። ከየማሳው ታጥቦ የሚገባው አፈር ስለሚያደፈርሰው ማቀዝቀዣ ፓምፑ ውስጥ ያለችውን የጎማ ክንፍ ቶሎ ይበላታል። በየዓመቱ ቀይራት፣ አንድ ትርፍም ይኑርህ። የሚንጠለጠል ሞተር ከገዛህ ከጎኑ እንደ ሽንት የሚወጣውን ውሃ ከዓይንህ አታጥፋ፣ ከቀጠነ አጥፋና ፈትሽ። የድሮው ላይ ደግሞ ከግድግዳው ወደ እግሩ የሚሄደው እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ ጎማ አለ። ከተቀደደ ጀልባዋ ትሰጥማለች፣ ውጪው ቢያምርም ለዓመታት የቆመ ከሆነ ሳትጠይቅ ቀይረው። የእግሩን የማርሽ ዘይት ትንሽ አፍስሰህ እይ፤ ወተት ከመሰለ ፓራሊዮው (ውሃ እንዳይገባ የሚይዘው ጎማ) አልቋል። ከውጭ የመጣ ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ በሞተሩ ፈንታ ዝገት እንዲበላው ለባሕር የሚሆን ዚንክ ነው የሚለጠፍበት። ጨው በሌለበት ውሃ ዚንኩ ቅርፊት ይዞ ሥራ ያቆማል፣ የሚበላው የሞተርህ አሉሚኒየም ይሆናል። በማግኒዚየም ለውጠው።

ባትሪ ሁለት ይሁን፣ አንዱ ለማስነሻ ብቻ። የሆድ ውሃ ማውጫ ፓምፕና የሕይወት ጃኬት በሰው ቁጥር፣ ይህን አላብራራም። በበጋ መጨረሻ የሐይቁ ውሃ ስለሚቀንስ ትናንት ያለፍክበት ቦታ ዛሬ ጭቃ ሊይዝህ ይችላል። የአካባቢውን ዓሣ አጥማጅ መንገድ ሳትጠይቅ አትንዳ። ግድቡ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ መብራት የሚያመነጭ ስለሆነ ፈቃዱን ጀልባዋን ከመጫንህ በፊት ጨርስ። እኛ ጀልባዋን ጅማ አድርሰን ነው ፈቃድ የጠየቅነው፣ ስንት ወር ግቢያችን ውስጥ የሕፃናት መጫወቻ ሆና ቆየች። ጅማ አጠገብ ያለው የቦዬ ረግረግ ላይ እንሞክራት ብለህም እንዳታስብ፤ ጥልቀት የለውም፣ ጉማሬ ግን አለው።

በኢሱዙ ስትጭናት ክብደቷ መሐሏ ላይ ባለው አከርካሪ ላይ ይረፍ፣ ጎንና ጎኗን በአሮጌ ጎማ ደግፍ እንጂ በገመድ አታስጨንቃት።

ሐዋሳ ስትሄድ ካቻቢቴና መሰርሰሪያ ብቻ ያዝ፣ ገንዘቡን ቤት ተወው። የፍርፋሪውን ፎቶ በፀሐይ ብርሃን ነጭ ወረቀት ላይ አድርገህ አንሳና እዚሁ ለጥፈው፣ ቀለሙን አይቼ እነግርሃለሁ።