ለቱሪስት ያልተሰናዳ ጠላ ቤት እንዴት ይገኛል?

እህታችን፣ ጥያቄዎን በደስታ አነበብኩት። ከጀርመናዊው ባለቤትዎ ጋር ላሊበላ ሲሄዱ መድረክና ጭፈራ የተዘጋጀበት የባህል ምሽት ቤት ሳይሆን የአገሬው ሰው የሚጠጣበት ጠላ ቤት መግባት እንደሚፈልጉ ጽፈዋል፤ እንዴት እንደሚገኝና ሴት ብትገባበት ነውር እንዳይሆንም ጠይቀዋል። ላሊበላ ባለችበት በላስታና በሰሜን ሸዋ ለሥራ ስመላለስ ብዙ ጠላ ቤት ተቀምጫለሁና የማውቀውን ልንገርዎ።

ከሁሉ በፊት፣ የሚገቡት የሰው ቤት ነው። የገጠር ጠላ ቤት ባለቤቷ ሴት ናት፤ አብዛኛውን ጊዜም የምትሸጠው በምትኖርበት ጎጆ ነው። ልጆች ከጓዳ ይወጣሉ ይገባሉ፣ የሚቀመጡበት መደብ ማታ መኝታ ይሆናል። ከነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ ባል የሞተባቸው ወይም የፈቱ ናቸው፤ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት በዚያ ጋን ነው። ይህን አውቆ የሚገባ ሰው ሌላውን ደንብ ሳይነገረው ይደርስበታል።

ለመፈለግ ቅዳሜን ይምረጡ፤ የላሊበላ ገበያ ቅዳሜ ነው። ከዙሪያው የሚመጣው ገበሬ እህሉንና በጉን ሸጦ፣ ጨውና በርበሬውን ገዝቶ፣ ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት ጠላ ቤት ጎራ ይላል። ከቀትር በኋላ ባሉት ሰዓቶች ቤቱ ሞቅ ይላል። ምልክቱ ከደጃፉ በቆመ እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ነው፤ አሁን አሁን የፕላስቲክ ኩባያም ይሰቅላሉ። የሆቴል አስጎብኚ አይጠይቁ፤ እሱ የሚወስድዎት እንግዳ የለመደ ቤት ነው። ገበያው ውስጥ ጌሾ የሚሸጡትን ሴቶች ይጠይቁ። የማን ጠላ ጥሩ እንደሆነ እነሱ ጠንቅቀው ያውቃሉ፣ ጌሾውን የሚገዟቸው ባለ ጠላ ቤቶቹ ናቸውና። ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በአጽዋማት ጠዋት ባይሄዱ ይሻላል፤ ጠላ የጾም መጠጥ ቢሆንም ጿሚው ሰዓቱ ሳይደርስ አይቀምስም፣ ቤቱም ጭር ይላል። መንገዱ ሰላም መሆኑን ደግሞ ከመነሳትዎ በፊት እዚያው ከሚኖር ሰው አጣርተው ይሂዱ።

ሲገቡ «እንዴት ዋላችሁ» ይበሉ። የተቀመጡት «ኖር!» ብለው ብድግ ይሉልዎታል፤ «በእግዜር» ብለው እንዲቀመጡ ይለምኗቸው። ለባለቤትዎም ይህችን አንዲት ቃል ያስጠኑት። አንድ ነጭ ሰው «በእግዜር» ሲል የሚሰሙ አዛውንት ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩት፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። እርስዎም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዘግይተው ሲገቡ መነሳትዎን አይርሱ።

ጠላው ሲመጣ ባለቤቷ አንዳንዴ መጀመሪያ ጠብታ በመዳፏ አድርጋ ትቀምሳለች። መጠጡ ንጹሕ መሆኑን ማሳየቷ ነው፤ የቆየ የአሳላፊ ወግ ነው፣ በከተማ እየጠፋ ሄዷል። የላስታ ጠላ በብዛት የገብስ ነው፤ ወደ ቆላው ሲወርዱ ማሽላ፣ ጎጃም ከሄዱ ደግሞ ዳጉሳና በቆሎ ያገኛሉ። ጥሩውን ጠላ ከመቅመስዎ በፊት በመዓዛው ይለዩታል። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጭስ የታጠነ ከሆነ፣ ኩባያውን ወደ አፍዎ ሲያስጠጉ መጀመሪያ የሚያገኝዎት የወይራው ሽታ ነው፤ ቀጥሎ የጌሾው ምረት ይመጣል፣ ከሥሩ የተቆላው እህል ጣዕም ይቀራል። አሻሮው፣ ማለት የሚቆላው እህል፣ ጠቆር ብሎ ከተቆላ መልኩ ቡና ይመስላል። ይህ ሁሉ የብዙ ቀን ሥራ ነው፤ ጌሾው ይጠነሰሳል፣ ብቅልና ቂጣው ገብቶ ይደፈደፋል፣ ከአሻሮው ዱቄት የታመሰው እንኩሮ ይጨመራል፣ በመጨረሻም ውኃ ይሞላበትና ጋኑ ይከደናል። አተላው እንኳ አይጣልም፣ የከብት መኖ ነው። ለዚህ ሁሉ ድካም የሚከፈለው ዋጋ ኢምንት መሆኑ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ስለ ሆድ ነገር ላስጠንቅቅዎት። የመጨረሻው ውኃ አብዛኛውን ጊዜ ሳይፈላ ነው የሚጨመረው፤ ያልለመደ ሰው አንድ ኩባያ ቢበቃው ይሻላል። ጉሹን ትተው የጠለለውን ይጠይቁ። በአልኮሉ ጠላ ቀላል ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 2 እስከ 4 ነው፤ አረቄ ግን ከ40 በላይ ሊደርስ ይችላልና ማን እንዳወጣው ካላወቁ ይተውት። ጠጅም ቢያማርዎት በማር መጣሉን ይጠይቁ፤ በስኳር የሚጥሉ በዝተዋል።

መቅጃዋ ኩባያዎ ጎደል ባለ ቁጥር መጥታ «በሞቴ» ትላለች። ቃል ብቻ አይመልሳትም። መዳፍዎን ኩባያው አፍ ላይ ከድነው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በቃኝ» ይበሉ፤ ያኔ ትተውዎታለች። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ከገባ ስለ እናንተ መግጠሙ አይቀርም። «ተቀበል!» ብለው ስለ ባለቤትዎ አገር ሁለት ስንኝ ቢሰጡት ቤቱ በእልልታ ይሞላል። አዝማሪውን ሲሸልሙ ብሩን ግንባሩ ላይ ይለጥፉለት።

ነውር ነው ወይ ላሉት፣ አይደለም። ገበያተኛ ሴቶችም ሸጠው ሲጨርሱ ይገባሉ፤ እርስዎንም ባለቤቷ አጠገቧ ታስቀምጥዎታለች፣ ቆሎም ታቀርብልዎታለች። ጓዳዋን ሊያዩ ቢፈልጉ ከተጫወቱ በኋላ ይጠይቋት፤ ፎቶግራፍም እንዲሁ፣ ጠጪዎቹንም ጭምር አስፈቅደው። ብዙ ባለ ጠላ ቤቶች ድህነታቸው የሚነሳ ስለሚመስላቸው ይከፋቸዋል፤ እውነታቸውን ነው።

ሒሳቡን ሲወጡ ይክፈሉ። «ተከፍሏል» ካሉዎት አንዱ ገበሬ ከፍሎልዎታል ማለት ነውና አይከራከሩ፤ ለእሱና አብረውት ላሉት አንድ ዙር እንዲቀዳ ለባለቤቷ ከፍለው ይውጡ። ለእሷ የሚተርፋትን ጨምረው ሲሰጡ በሰው ፊት አያድርጉት፣ በር ድረስ ስትሸኝዎት በእጇ ያስጨብጧት። ሾፌራችሁ ግን ቆሎውን ይቆርጥም እንጂ ጠላውን አይንካ፤ የላስታ መንገድ ጠመዝማዛ ነው።