ሌሊቱን ነድቶ የአልጋ ወጪ ማዳን ያዋጣል ወይ?

ሰላም ወንድማችን። ጥያቄህ ረዘም ያለ ስለሆነ ሌሎችም እንዲከታተሉ ባጭሩ ልድገመው፦ አራት ሆናችሁ በአንድ አሮጌ የቤት መኪና 800 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ያንኑ ልትመለሱ ነው። ካርታው 10 ሰዓት ይላል። ገንዘቡ አጠር ስላለባችሁ ከሥራ መልስ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተነስታችሁ ሌሊቱን እየነዳችሁ አድራችሁ የአልጋ ወጪ ልታድኑ አስባችኋል። መኪናው ላይ ምን እናስደርግ፣ ምን ያህልስ ገንዘብ እንያዝ ብለሃል።

ከሌሊቱ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የሚወሰነው እሱ ላይ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ከእንቅልፉ የተነሳ ሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት መሪ ሲጨብጥ ነቅቶ 14 ሰዓት ሆኖታል። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ 17 ሰዓት ይሞላዋል። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱና የምላሽ ፍጥነቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ ተለክቶ የታወቀ ነው፤ 24 ሰዓት ሲሞላው ወደ 0.10 ይጠጋል። ስለዚህ ገና ሦስት ሰዓት ነድታችሁ፣ ሰባት ሰዓት እየቀራችሁ፣ ሹፌራችሁ በብዙ አገሮች ሕግ ቢጠጣ ኖሮ ከመሪ የሚያስነሳው ደረጃ ላይ ደርሷል ማለት ነው። የቀረው መንገድ ደግሞ ሰውነት በተፈጥሮው እንቅልፍ አጥብቆ በሚፈልግበት ሰዓት ላይ ይውላል፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለሦስት ሰከንድ ያንቀላፋ ሹፌር 80 ሜትር ያህል ሳያይ ይሄዳል። መስኮት መክፈትና ሙዚቃ መጨመር ለጥቂት ደቂቃ የነቃ ያስመስላል እንጂ እንቅልፍን አያባርርም። ቡናም ቢሆን ለመሥራት ወደ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። የሚጠቅመው ዘዴ ቡናውን ጠጥቶ ወዲያው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መተኛት ነው፤ ስትነቁ ቡናውም ሥራውን ይጀምራል። ከ30 ደቂቃ በላይ ከተኛችሁ ግን ስትነሱ የመደንዘዝ ስሜት ስለሚኖር ወዲያው መሪ አትጨብጡ።

እንግዲህ መንገዱን ለሁለት ክፈሉት፤ እኩል ግን አይሁን። የመጀመሪያው ቀን 500፣ ሁለተኛው 300 ይሁን። ካርታው 10 ሰዓት ሲል በአማካይ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት መቁጠሩ ነው፤ መቆሚያውን፣ ምሳውን፣ ነዳጅ መቅጃውንና የመንገድ ጥገናውን አያካትትም። ለ500 ኪሎ ሜትር ንጹሑ መንዳት 6 ሰዓት ከሩብ ነው። በየሁለት ሰዓቱ 15 ደቂቃ እረፍት፣ ምሳ 45 ደቂቃ፣ ላልታሰበ መዘግየት ሌላ 45 ደቂቃ ጨምሩበት፤ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ይመጣል። ንጋት 12 ሰዓት ከተነሳችሁ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ታርፋላችሁ። ከምሳ በኋላ ያለውን የድብርት ሰዓት፣ ማለትም ከ8 እስከ 10፣ አብዛኛውን ከመሪ ርቃችሁ ታሳልፉታላችሁ፤ መኪናው የሆነ ድምፅ ማሰማት ጀምሮ ከሆነም ጋራዥ ሳይዘጋ ትደርሳላችሁ። ሁለተኛው ቀን ቀላል ስለሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ተረጋግታችሁ መኪናውን ማየት ይቻላል። ለማነጻጸር ያህል፣ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሙያው ይህ የሆነውን የከባድ መኪና ሹፌር እንኳ ከአራት ሰዓት ተኩል መንዳት በኋላ 45 ደቂቃ ያሳርፈዋል። መንጃ ፈቃድ ያለው ሁለተኛ ሰው ካለ በየሁለት ሰዓቱ ተቀያየሩ፤ ከሹፌሩ ጎን የሚቀመጠው ሰው ግን አይተኛ።

ከአልጋው ወጪ የተወሰነውን ፍጥነት በመቀነስ ከነዳጁ ታወጡታላችሁ። መኪናውን ወደ ኋላ የሚገፋው የአየር ኃይል ከፍጥነት ጋር በካሬ ስለሚጨምር በ120 ስትነዱ ከ100ው ይልቅ 44 በመቶ ይበልጣል። በፍጆታ ሲታይ ልዩነቱ እንደ መኪናው ይለያያል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከ10 እስከ 20 በመቶ ይደርሳል። ጣሪያ ላይ ዕቃ መጫንም እንዲሁ ነው፤ በፈጣን መንገድ ላይ ፍጆታውን እስከ ሩብ ሊያሳድገው ይችላል። አራት ሰው ለጥቂት ቀን የሚይዘው ልብስ ጣሪያ ላይ የሚያስወጣ ከሆነ ልብሱን ቀንሱ።

የነዳጁን ሒሳብ በግምት አትሥሩት። ታንከሩን ሙሉ አስሞሉ፣ የጉዞ መቁጠሪያውን ዜሮ አድርጉ፣ በተቻለ መጠን ከከተማ ውጭ ቢያንስ 300 ኪሎ ሜትር ንዱ፣ እዚያው ማደያ ተመልሳችሁ እንደገና ሙሉ አስሞሉ። ለምሳሌ 575 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ 46 ሊትር ከገባ ፍጆታችሁ በመቶ ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ነው። ለአራት ሰው፣ ለዕቃና ለዳገት 15 በመቶ ስትጨምሩ 9.2 ይሆናል። ደርሳችሁ እዚያ የምትዟዟሩትን 200 ኪሎ ሜትር ብትጨምሩበት ጠቅላላው 1,800 ነው፤ ስለዚህ 166 ሊትር ያዙ። አብዛኛው ሰው መድረሻው ላይ የሚዞረውን ስለማይቆጥር ነው መመለሻው ላይ የሚያጥረው።

መጠባበቂያውን በመቶኛ አትሥሩት፤ ሊደርስ በሚችል ነገር ለኩት። የአንድ ጎማ ዋጋና ለአራታችሁ የአንድ ተጨማሪ ሌሊት አልጋ ከሌሎቹ ወጪዎች ተለይቶ፣ በጥሬ ገንዘብ፣ በሌላ ሰው ኪስ ይቀመጥ። ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ስልክ ላይ ያለ ገንዘብ ጎማ አይገዛም።

ወደ መኪናው ስመጣ፣ ሰርቪሱን ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት አስደርጉት። ዋዜማው ላይ የሚደረግ ሰርቪስ ካለማድረግ ብዙም አይሻልም። በደንብ ያልጠበቀ የዘይት ፊልትሮ፣ ያልታሰረ የራዲያተር ጎማ፣ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውስጥ የቀረ አየር፣ ያልጠበቀ የጎማ ዳዶ፣ እነዚህ ሁሉ የሚታወቁት ከጥገና በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ መቶና ሁለት መቶ ኪሎ ሜትሮች ነው። እነሱን ቤታችሁ አጠገብ ጨርሷቸው። በየቀኑ ስትጠቀሙበት ከርማችሁ ማለዳ ከሥሩ ጠብታ ካላያችሁ ጥሩ ነው።

ገንዘብ የሚያጥር ከሆነ ቅድሚያ ለጎማ፣ ለፍሬን፣ ለሞተር ማቀዝቀዣ ስጡ፤ የአየር ማቀዝቀዣውንና የበሩን ድምፅ ተዉት።

ጎማ ላይ አራት ነገር እዩ። ጥርሱ ሕጉ በብዙ አገር 1.6 ሚሊ ሜትር ይላል፤ ዝናብ ላይ ግን ከ3 በታች የሆነ ጎማ ውኃውን ማስወጣት ስለሚያቅተው ሲቆም ብዙ ይንሸራተታል። ዕድሜውን ለማወቅ ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቡ፤ 2319 ካለ በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ስድስት ዓመት ካለፈው ባለሙያ ይየው፣ አሥር ከሞላው ይቀየር። ጎኑ ላይ እብጠት ካለ ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል፤ አይጠገንም። አራተኛው ነፋሱ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ጎማው የሚችለው ከፍተኛ ልክ እንጂ የእናንተ መኪና ልክ አይደለም። ትክክለኛው በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ያለው ተለጣፊ ወረቀት ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር አለው፣ ለባዶና ለሙሉ ጭነት። እናንተ ሙሉውን ተጠቀሙ። የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ፣ ማለዳ ነው። መንገድ ላይ ሲሞቅ 4 ወይም 5 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ይጨምራል፤ በዝቷል ብላችሁ አታስተንፍሱት፤ ሲቀዘቅዝ ከልኩ በታች ይወርዳል። ነፋሱ ያነሰ ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ጎኑ ይታጠፋል፣ መታጠፉ ያሞቀዋል፣ ሙቀቱ ጎማውን ከክሩ ያላቅቀዋል። በሙሉ ጭነት፣ በሞቃት ቀን፣ በፍጥነት ስትነዱ የሚፈነዳው በዚህ ምክንያት ነው።

ስኮርታውን አውርዳችሁ አስለኩ፤ ለዓመታት ያልተነካ ስኮርታ አብዛኛውን ጊዜ ነፋስ የለውም። ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ በተለምዶ 60 ፒኤስአይ ይፈልጋል፣ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይም አይነዳም። ከዚያ ቤታችሁ በር ላይ አንድ ጎማ ፈታችሁ መልሳችሁ እሰሩ። ክሪኩ ይሠራል? የጎማ መፍቻው ከዳዶው ጋር ይገጥማል? ልዩ ቁልፍ የሚፈልግ ዳዶ ካለ ቁልፉ የት ነው? ጎሚስታ በማሽን አጥብቆት በእጅ እምቢ የሚል ዳዶ ካለ አሁን ይታወቅ። መኪናው መሬት እንደያዘ ዳዶዎቹን አላሉ፣ ከዚያ በክሪክ አንሱ፤ ተነስቶ እያለ ብትታገሉ መኪናው ከክሪኩ ይወርዳል። አፈሩ ለስላሳ ከሆነ ከክሪኩ ሥር ጠንካራ ጣውላ አድርጉ። ስታጠብቁ ጎን ለጎን ሳይሆን በተቃራኒ አቅጣጫ እየተሻገራችሁ ነው። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ቁሙና እንደገና አጥብቁ።

ፍሬን ላይ ሸራው ከ3 ሚሊ ሜትር ካነሰ ለዚህ ጉዞ አይሆንም። የፍሬን ዘይቱ ግን ይረሳል። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል፤ ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይፈላም፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን ልኩ እስከ 155 ይወርዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጣችሁ ከወረዳችሁ ዘይቱ ይፈላል፣ በውስጡ አረፋ ይፈጠራል፣ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። መድኃኒቱ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ መቀነስ ነው፤ አውቶማቲክም ቢሆን ዝቅተኛ ማርሽ አለው። ፍሬን ረገጥ አድርጋችሁ ልቀቁ፣ እግራችሁን አታሳርፉበት። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ጥግ ይዛችሁ አቀዝቅዙ፤ ዲስኩ ላይ ውኃ አትድፉ፣ ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል።

የሞተሩ ማቀዝቀዣ ላይ ቺንጋውን፣ የራዲያተር ጎማዎቹንና ክዳኑን አስፈትሹ፤ የታይሚንግ ቺንጋ ያለው ሞተር ከሆነ ደግሞ መቼ እንደተቀየረ ሳታውቁ አትነሱ፤ በብዙ ሞተሮች ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ያ ደግሞ ከጉዞው በጀት ሁሉ ይበልጣል። መንገድ ላይ የሙቀት ጌጁ ሲወጣ መቼ እንደወጣ አስተውሉ። ቆሞ ሲጠብቅ ሞቆ ስትነዱ የሚበርድ ከሆነ ፋኑ አልሠራም። ዳገት ላይ ወይም በፍጥነት ስትነዱ የሚሞቅ ከሆነ ግን ውኃው ጎድሏል፣ ራዲያተሩ ተደፍኗል ወይም ቴርሞስታቱ አልከፈተም። የአየር ማቀዝቀዣውን አጥፍታችሁ ማሞቂያውን በሙሉ ክፈቱት፤ ከሞተሩ ሙቀት ይወስዳል። ካልወረደ ቁሙ፣ አጥፉ፣ ክዳኑን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አትንኩ። ውስጡ በግፊት ስለተያዘ ከ100 ዲግሪ በላይ ሆኖም ሳይፈላ ይቆያል፤ ክዳኑ በተከፈተ ቅጽበት ፈልቶ ፊት ላይ ይፈነዳል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መጨመርም ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን የላይኛውን ክፍል፣ ሊሰነጥቅ ይችላል።

ባትሪው መኪናው ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት፣ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ከሆነ ዲናሞውም ደህና ነው። የሞተር ዘይት በየማለዳው ለጥ ባለ ቦታ ይታያል፤ አሮጌ ሞተር ለረጅም ጊዜ በፍጥነት ሲነዳ ከከተማው የበለጠ ዘይት ይጠጣልና አንድ ሊትር ከዚያው ዓይነት ያዙ።

ከባዱን ዕቃ ዝቅ አድርጋችሁ ወደ ኋላው ወንበር አስጠጉት፤ ከኋላ መስታወቱ ሥር ምንም አይቀመጥ፣ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ወደ ጭንቅላት ነው የሚመጣው። ከኋላ ሲጫን የፊት መብራቱ ወደ ላይ ስለሚያበራ ማስተካከያ ካለው ዝቅ አድርጉ። አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን፣ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ የእጅ ባትሪ፣ የባትሪ ገመድ፣ ፊውዝ፣ ለሰው በቀን ቢያንስ ሦስት ሊትር ውኃ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን፣ ከኢንተርኔት ውጭ የሚሠራ ካርታ ያዙ። ነዳጅ ግማሽ ሲደርስ ቅዱ፤ ቀጣዩ ማደያ ባዶ ሊሆን ይችላል። ቤት ለቀረ ሰው የምታድሩበትንና የምትደርሱበትን ሰዓት ንገሩት፤ ካልደወላችሁ በስንት ሰዓት መፈለግ እንደሚጀምርም ተስማሙ።

መመለሻውንም በዚሁ መንገድ ለሁለት ቀን ክፈሉት፤ ማግስቱ የሥራ ቀን ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ተመለሱ። የመኪናውን ሞዴልና የተሠራበትን ዓመት፣ የበሩ ምሰሶ ላይ ያለውን ወረቀት ፎቶና የጎማዎቹን አራት አሃዝ እዚሁ ሥር ለጥፍልን፤ ከተቀያሪ ዕቃ የትኛውን መያዝ እንዳለባችሁ ያኔ በትክክል መንገር ይቻላል።