የባሕር ላይ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ከመፈተኑ በፊት ነፋሱና ሞገዱ እንዴት ይጠናል? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ከሞገድና ከባሕር ላይ ነፋስ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ መሣሪያዎች ውኃ ከመንካታቸው በፊት ቦታው እንዴት እንደሚጠና ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የእኔ ሥራ የባሕር ላይ መለኪያዎች የሚልኩትን ቁጥር ማጣራት ነው። ስለ ተርባይን ሆድ ዕቃ የጠየቃችሁትን ለባለቤቱ ትቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ «የሞገዱ ከፍታ 2 ሜትር ነው» ሲባል የቱ ሞገድ ነው? ባሕር ላይ ሁለት እኩል ሞገድ የለም እኮ።

መልስ፦ ልክ ነሽ፣ የለም። የሚነገረው «ጉልህ የሞገድ ከፍታ» የሚባለው ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያለፉት ሞገዶች ከትልቅ ወደ ትንሽ ቢደረደሩ፣ የላይኛው ሲሶ አማካይ ማለት ነው። ዛሬ በሌላ ስሌት ቢወጣም ውጤቱ ይቀራረባል። ብዙ ሰው የሚስተው ግን 2 ሜትር ጣሪያ አለመሆኑን ነው። በሦስት ሰዓት ውስጥ ወደ 1,000 ገደማ ሞገድ ያልፋል፤ ከመካከላቸው አንዱ እጥፉን ቢያክል አይገርምም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1995 በሰሜን ባሕር፣ ድራውፕነር በተባለው የጋዝ መድረክ ላይ፣ ጉልህ ከፍታው 12 ሜትር ገደማ ሆኖ ሳለ ወደ 26 ሜትር የሚጠጋ ሞገድ ተመዝግቧል።

ጥያቄ፦ ከፍታው ከታወቀ ኃይሉን ማስላት አይቻልም?

መልስ፦ አይበቃም። ለጥልቅ ባሕር የሚሠራው ግምታዊ ቀመር ይኸውልህ፦ ከፍታውን በራሱ አባዛ፣ ሞገዱ የሚመላለስበትን ጊዜ (ከአንዱ አናት እስከ ቀጣዩ አናት ያለውን) በሰከንድ አባዛበት፣ ግማሹን ውሰድ። 2 ሜትርና 8 ሰከንድ ከሆነ በእያንዳንዱ ሜትር የሞገድ ግንባር ወደ 16 ኪሎዋት ይሆናል። ጊዜው ሳይለወጥ ከፍታው 4 ሜትር ቢሆን 64 ይሆናል። ከፍታው 2 ሜትር እንደሆነ ጊዜው 12 ሰከንድ ቢሆን ደግሞ 24። ለዚህ ነው አማካይ ከፍታ ብቻ የያዘ ሪፖርት ሲመጣልኝ መልሼ የምልከው። ግማሹን ዓመት 1 ሜትር፣ ግማሹን 3 ሜትር የሆነ ባሕር አማካዩ 2 ነው፤ ኃይሉ ግን ዓመቱን ሙሉ 2 ሜትር ከሆነው ባሕር በሩብ ይበልጣል፣ የመመላለሻው ጊዜ አንድ ሆኖም። ደግሞ መሣሪያው የሚወደው የራሱ ጊዜ አለው፤ በ7 ሰከንድ ሞገድ እየጨፈረ የሚያመነጨው በ12 ሰከንዱ ላይ እንደ ቡሽ ወጥቶ ከመውረድ በቀር ምንም ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ የምንሠራው ሰንጠረዥ ነው፦ ወደ ታች ከፍታ፣ ወደ ጎን ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ባሕሩ በዓመት ስንት ሰዓት እንዲያ እንደነበረ።

ጥያቄ፦ ሞገድ ከነፋስ ነው የሚመጣው። ነፋሱን ብቻ ለክቶ መገመት አይቻልም?

መልስ፦ ከየትኛው ነፋስ? 12 ሰከንድ የሚፈጅ ሞገድ ጉልበቱን ይዞ በጥልቅ ባሕር በሰከንድ 9 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ 1,000 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 30 ሰዓት ይበቃዋል። እናንተ ዘንድ ቅጠል ሳይነቃነቅ ትናንት ሌላ ቦታ የነፈሰው ማዕበል ያስነሣው ሞገድ ይደርሳችኋል። ተንሳፋፊ የነፋስ ተርባይን ለሚፈትን ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ነፋሱ ከፊት፣ ሞገዱ ከጎን ሲመጣ መድረኩ ማንም ባላሰበው በኩል ይወዛወዛል። ሁለቱንም ከነአቅጣጫቸው፣ በተመሳሳይ ሰዓት ለኩ።

ጥያቄ፦ ነፋሱስ በምን ይለካል?

መልስ፦ ተንሳፋፊው መለኪያ ላይ የተተከለው የነፋስ መለኪያ ከውኃው በላይ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው፤ የተርባይኑ እምብርት ግን ከ100 ሜትር በላይ ሊሆን ይችላል። ከታችኛው ተነስቶ የላይኛውን መገመት አደገኛ ነው፤ የነፋስ ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በሦስተኛ ደረጃ ስለሚያድግ 10 በመቶ ስህተት ኃይሉ ላይ ሲደርስ 33 በመቶ ይሆናል። አሁን የሌዘር ጨረር ወደ ላይ የሚልክ ተንሳፋፊ ሊዳር ተመራጭ ነው።

ጥያቄ፦ መለኪያው ራሱ አይዋሽም ወይ?

መልስ፦ ይዋሻል፤ ዝም ማለቱ ግን ይብሳል። የሞገድ መለኪያው በመልሕቅ የታሰረ ቢጫ ኳስ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ፍጥንጥነት መለኪያ ሽቅብና ቁልቁል መናጡን ይመዘግባል፣ ከዚያ ከፍታ ይሰላል። ቀንድ አውጣ መሰል ነገር ሲለጠፍበት ይከብዳል፣ ሰንሰለቱ ሲወጠር ከሞገዱ አናት ላይ አይደርስም። ጀማሪ ሳለሁ በአንድ ወር መረጃ ውስጥ የሁለት ቀን ክፍተት አገኘሁና ከፊትና ከኋላ ያሉትን ቁጥሮች በቀጥታ መስመር አገናኝቼ አለፍኩ። 3 ሜትር ገብቶ 3 ሜትር ተኩል ወጣ፤ ሰንጠረዡ አማረልኝ። አለቃዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «ለምን ዝም አለ?» የዚያን ሰሞን የአየር ካርታ ስናወጣ የዓመቱ ትልቁ ማዕበል በዚያው ላይ አልፏል። እኔ በማስመሪያ የደፈንኩት እሱን ነበር።

ጥያቄ፦ ለስንት ጊዜ ይለካ?

መልስ፦ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት። ከዚያ ለረጅም ዘመን ከተሰላ የሞዴል መረጃ ጋር ይነጻጸራል፤ ለምሳሌ ኤራ 5 የተባለው ከ1940 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየሰዓቱ አለ። ግን ባሕሩን በሰፋፊ ሳጥን ከፋፍሎ ስለሚያስብ ፊታችሁ ያለችውን ትንሽ ደሴት አያያትም።

ጥያቄ፦ ሙከራችን የአንድ ዓመት ነው። «በ50 ዓመት አንዴ» የሚመጣው ማዕበል ምን አገባን?

መልስ፦ በየዓመቱ 2 በመቶ ዕድል አለው ማለት ነው እንጂ 50 ዓመት ተኝቶ ይቆያል ማለት አይደለም። ለሚጠፋው ንብረት 2 በመቶው ብዙ ነው ወይስ ጥቂት፣ እርስዎ ይወስኑ። በኖርዌይ ቶፍተስታለን የተሠራው የሞገድ ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1985 ተጠናቆ በ1988 ማዕበል አፈረሰው።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ በአንድ አራተኛ ልክ ብንሠራውስ?

መልስ፦ ጥሩ፤ ግን ባሕሩም አብሮ መቀነስ አለበት። ርዝመት በ4 ሲካፈል ጊዜ በ2፣ ኃይል በ128 ይካፈላል። ስለዚህ የተከለለ ባሕረ ሰላጤ ፈልጉ።

ጥያቄ፦ በቃ ትልቅ ሞገድ ያለበት ቦታ ነው የሚመረጠው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ስኮትላንድ ኦርክኒ ደሴቶች ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው፣ መሣሪያዎች የሚፈተኑበት የአውሮፓ የባሕር ኢነርጂ ማዕከል ዝናው የኃይለኛ ባሕር ነው፤ በ2004 ፔላሚስ የተባለው የሞገድ መሣሪያ ወደ ኤሌክትሪክ መረብ ኃይል የላከው እዚያ ነው። ያም ሆኖ እኔ መጀመሪያ የማየው ጸጥታውን ነው። የዘይት ቱቦ ቢያፈስ፣ ጥገናው 12 ሰዓት ቢፈጅ፣ ጀልባዋም ከ1 ሜትር ተኩል በላይ ሞገድ ባትችል፣ የሚያስፈልገው 12 ተከታታይ ሰዓት ነው። «ከወሩ 30 በመቶው ጸጥ ያለ ነው» የሚል ሪፖርት አትመኑ፤ ያ ጸጥታ በአራት በአራት ሰዓት የተቆራረጠ ከሆነ ጀልባዋ ወሩን ሙሉ ወደብ ትውላለች፣ ዘይቱም ይፈስሳል። የየወሩን ቁርጥራጭ ርዝመት ቆጥራችሁ ጠይቁ፣ በተለይ የማዕበሉን ወራት።