የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ተማሪዎች እንዴት እናግዝ? ጥያቄና መልስ

ልዩ ፍላጎት ትምህርት ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከወላጆችና ከመምህራን የደረሱኝን ጥያቄዎች እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ይሄ ነገር ከአእምሮ ሕመም ጋር አንድ ነው?

መልስ፦ አይደለም። የእድገት ውስንነት ከልጅነት ጀምሮ የሚታይ ነው። መማርን፣ ማሰብንና የዕለት ተዕለት ኑሮን ይነካል። የአእምሮ ሕመም ግን በማንኛውም ዕድሜ ሊመጣ ይችላል፤ ይታከማልም። ሁለቱ አንድ ልጅ ላይ ሊገናኙ ስለሚችሉ፣ ድንገተኛ የባሕርይ ለውጥ ስታዩ «ያው ተፈጥሮው ነው» ብላችሁ አትለፉት።

ጥያቄ፦ የልጄ የአይኪው (የአእምሮ ችሎታ መለኪያ ፈተና) ውጤት 62 ነው ተባልኩ። ማንበብ ይችል ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ቁጥሩ ብቻውን ይህን አይነግርሽም። ከ70 አካባቢ በታች የሆነ ውጤት ለምርመራው አንዱ መነሻ ነው። ልብስ መልበሱ፣ ገንዘብ መለየቱ፣ ከሰው መግባባቱም አብሮ መታየት አለበት። ውስንነታቸው ቀላል ከሚባለው ልጆች ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ ይማራሉ። ጊዜ ይፈጃል እንጂ።

ጥያቄ፦ አንዲት ተማሪዬ ስጠይቃት ዝም ትላለች። አልገባትም ማለት ነው?

መልስ፦ ምናልባት እርስዎ ቸኩለው ይሆናል። እኛ መምህራን ጠይቀን አንድ ሰከንድ ያህል እንኳ ሳንጠብቅ ወደ ሌላ ተማሪ እንሄዳለን። ይጠይቋትና በልብዎ እስከ 10 ይቁጠሩ። ዝም ስትል ጥያቄውን በሌላ ቃል አይለውጡባት፤ የጀመረችውን ሐሳብ ጥላ እንደ አዲስ ልትጀምር ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 11 ዓመቱ ነው። እጁን እስካሁን እኔው ነኝ የማስታጥበው።

መልስ፦ ሥራውን ሰባብሪው። ቧንቧ መክፈት፣ እጅ ማራስ፣ ሳሙና መቀባት፣ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ ቧንቧ መዝጋት፣ ማድረቅ። 7 ነገር ነው። ከመጨረሻው ጀምሪ። ስድስቱን አብራችሁ ሥሩና ማድረቁን ለእሱ ተዪለት። ያንን ሲለምድ መዝጋቱንም ጨምሪለት። እንዲህ ሲሆን ሁልጊዜ ጨራሹ እሱ ነው። «ጨረስኩ!» ማለት ለልጁ ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ክፍል ውስጥ የቆጠረውን ቤት ሲገባ አይችልም። ረሳው?

መልስ፦ አልረሳውም። በጠጠር የቆጠረ ልጅ ማንኪያውም እንደዚያው እንደሚቆጠር በራሱ ላይታየው ይችላል። በልዩ ልዩ ዕቃ፣ በልዩ ልዩ ቦታ፣ ከልዩ ልዩ ሰው ጋር ይቁጠር።

ጥያቄ፦ ዳውን ሲንድሮም (አብሮ የሚወለድ፣ እድገትንና መማርን የሚያዘገይ ሁኔታ) ላለባት ተማሪዬ ምን ላስተካክል?

መልስ፦ መጀመሪያ ጆሮዋ ይመርመር፤ የመስማት ችግር በእነዚህ ልጆች ላይ በብዛት ይታያል። ከዚያ ከንግግር ይልቅ በሥዕልና በተጻፈ ቃል ያሳዩዋት።

ጥያቄ፦ ረዳት መምህር ነኝ። ቀኑን ሙሉ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ ትክክል ነኝ?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ልቤን ይነካዋል። እኔም አንድ ተማሪዬን ቦርሳውን እየከፈትኩ፣ ደብተሩን እያወጣሁ አንድ ዓመት ሙሉ «ረዳሁት»። አንድ ቀን ስቀር ሁሉንም ራሱ አደረገው። ለካ አንድም ቀን ዕድል ሰጥቼው አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የማደርገው። መጀመሪያ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ካልተንቀሳቀሰ በዓይኔ ወይም በጣቴ እጠቁመዋለሁ። ቀጥሎ በአንድ ቃል፤ ቀጥሎ ሠርቼ አሳየዋለሁ። እጁን የምይዘው ሌላው ሁሉ አልሆን ሲል ነው። የትኛው ፍንጭ ላይ እንደደረስኩ በየቀኑ እጽፋለሁ፤ የሚያስፈልገው እርዳታ በሁለት ሳምንት ካልቀነሰ የማስተምርበትን መንገድ እለውጣለሁ። አንተም ወንበርህን ትንሽ አርቀው። አጠገቡ የጓደኛ ቦታ ይኑር፤ ትልቅ ሰው ከጎኑ ካልተነሳ ልጆች አይቀርቡትም።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ተማሪ በሕፃናት መጽሐፍ ፊደል ቢማር ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ትምህርቱ ቀላል ይሁን፤ ይዘቱ ግን የዕድሜው ይሁን። የአውቶቡስ ምልክት፣ የስልክ መልእክት፣ የሚወደው ቡድን ተጫዋቾች ስም አለልዎት። እነዚያን ፊደላት እዚያም ያገኛቸዋል።