ልምድን መጽሐፍ ማድረግ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ያጠነጥናሉ፦ ለነጋዴ ወይም ለሥራ ኃላፊ የሚጠቅም የመጀመሪያ መጽሐፍ ማዘጋጀት። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን፣ ረጃጅሞቹን አሳጥረን መልሰናል።

«አሰላሙ አለይኩም። ሰኞ ገበያ አካባቢ ከሃያ ዓመት በላይ ጨርቅ ነግጃለሁ። የማውቀውን ሁሉ ለወጣቶች በመጽሐፍ ማስቀረት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?»

ወአለይኩም ሰላም። መጀመሪያ «ሁሉ» የሚለውን ይተዉት። የሃያ ዓመት ዕውቀት በአንድ ጥራዝ ይግባ ሲባል ስለ ትጋት አንድ ምዕራፍ፣ ስለ ቁጠባ አንድ ምዕራፍ፣ ስለ ደንበኛ አያያዝ ሌላ ምዕራፍ ይወጣዋል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ አንድ ቀን ሱቅ ከፍቶ የማያውቅ ሰውም ሊጽፈው ይችላል። ገበያው ላይም ሞልቷል።

ጎረቤት ነጋዴዎች ቡና ሲጠጡ እርስዎን ለይተው የሚጠይቁት ምንድን ነው? «ዱቤህን እንዴት ነው የምትሰበስበው?» የሚሉዎት ከሆነ መጽሐፍዎ እሱ ነው። ከዚያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት፦ «ይህ መጽሐፍ በዱቤ የሚሸጥ የጨርቅ ነጋዴ ደንበኛውን ሳያጣ ቀሪውን በቀጠሮው እንዲሰበስብ ያስችለዋል።» ለማን እንደሚጻፍ፣ ችግሩ ምን እንደሆነና አንባቢው ሲጨርስ ምን ማድረግ እንደሚችል ሦስቱም በዚህ ውስጥ አሉ። አንዱ ከጎደለ ገና ነው፤ መጻፍ አይጀምሩ።

ቀጥሎ የዱቤ ደብተርዎን ያውጡ። በጊዜው የከፈሉ አሥር፣ ዘግይተው የከፈሉ አሥር፣ ጨርሶ ያልከፈሉ አሥር ሰዎች ይምረጡ። ለእያንዳንዱ ስሙን ትተው እነዚህን ብቻ ያስፍሩ፦ በማን በኩል እንደመጣ፣ ዋስ እንደነበረው፣ የመጀመሪያው ዱቤ ልክ፣ የተቆረጠው ቀን፣ መጀመሪያ ያስታወሱት መቼና እንዴት እንደሆነ። ሠላሳውን ጎን ለጎን ሲያዩ ምዕራፎቹ ራሳቸው ይወጣሉ፦ ለማን ይሰጣል፣ የመጀመሪያው ዱቤ ስንት ይሁን፣ ቀን እንዴት ይቆረጣል፣ እንዴት ይታወሳል፣ ሰውየው ስልክ ማንሳት ሲያቆም ምን ይደረጋል፣ መቼ ይተዋል። የመጨረሻውን አይዝለሉት፤ ገንዘቡን ረስቶ ደንበኛውን ማቆየት የሚያዋጣበትን ጊዜ ለይቶ የሚናገር መጽሐፍ ብዙም የለም።

አንድ ነገር አደራ። «በትህትና አስታውሱ» ብለው አይለፉ፤ ስልክ ላይ የሚሉትን ቃል በቃል ያስፍሩት። «እትዬ፣ የመውሊድ ዕቃ ላወጣ ነው፤ ለዚያች ቀሪ ሐሙስ ልጁን ልላከው?» በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ምክንያት አለ፣ ቀን አለ፣ የሚመጣው ሰው ይታወቃል፣ ክብርም አልተነካም። ለምን እንደምትሠራ ከሥሯ ሁለት አንቀጽ ይጻፉ። ጀማሪው ነጋዴ መጽሐፉን የሚገዛው ለዚህ ነው።

«ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ከተራ ሠራተኝነት ወደ ኃላፊነት ለሚያድጉ ሰዎች መጽሐፍ ልጽፍ ነው። ስንት ገጽ ይበቃል? ፈረቃዬ በየሳምንቱ ስለሚቀያየር ጊዜውን እንዴት ላብቃቃው? እህታችሁ።»

ርዕስሽ ጥሩ ነው፤ አንባቢውም ከወዲሁ ተለይቷል። ለዚህ ዓይነት መጽሐፍ 160 ገጽ ይበቃል። በኤ5 መጠን፣ በ11 ነጥብ ፊደል፣ አንድ ገጽ ከ220 እስከ 250 የአማርኛ ቃል ይይዛል። የምዕራፍ መክፈቻዎቹ፣ ሠንጠረዦቹና የመልመጃ ገጾቹ ሲቀነሱ 32,000 ቃል ገደማ ትጽፊያለሽ። አሥር ምዕራፍ ካልሽ አንዱ ከ3,000 ትንሽ በለጥ ይላል።

በቀን 400 ቃል፣ በሳምንት አራት ቀን ብትጽፊ ረቂቁ በሃያ ሳምንት ያልቃል። ፈረቃ ላለበት ሰው ግን የቀን ኮታ አይሆንም። አንድ ሌሊት ሲያመልጥ ዕቅዱ ሁሉ የፈረሰ ይመስላል፤ ስለዚህ የሳምንት ኮታ ያዢ፣ 1,600 ቃል። የሌሊት ፈረቃ በሚደርስሽ ሳምንት ከዚያ ግማሹን ብቻ አቅጂ፤ ድካም ላይ ዓረፍተ ነገር ከመግፋት ምሳሌ መልቀምና የቀጣዩን ምዕራፍ ነጥቦች መደርደር ይሻላል። ስለዚህ ሃያውን ሳምንት ሃያ ስድስት ብለሽ ያዢው። ማረሙ ደግሞ ከመጻፉ ያላነሰ ጊዜ ይወስዳል፤ ለማተሚያ ቤት ቀን ከመስጠትሽ በፊት ይህንን ደምሪ።

መጀመሪያ የምትጽፊው በደንብ የምታውቂውን ምዕራፍ ነው፤ ለምሳሌ ትናንት ጓደኛሽ የነበረችን ሠራተኛ ዛሬ በማርፈዷ እንዴት ትገሥጫታለሽ የሚለውን። መግቢያው በመጨረሻ ይጻፋል። ምዕራፍ አንድን ደጋግሞ እያሳመሩ ምዕራፍ አራት ሳይደርሱ የቀሩ ረቂቆች ብዙ ናቸው።

ሌላው፦ የፋብሪካውን ቅጽ፣ የምርት አኃዝና የውስጥ መመሪያ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አታስገቢ። የራስሽን ቅጽ አዘጋጅተሽ በምናባዊ ቁጥር ሙዪው፤ ቁጥሩ ምናባዊ መሆኑንም ከሥሩ ጻፊ።

«አንድ የውጭ የንግድ መጽሐፍ ተርጉሜ ምሳሌዎቹን በኢትዮጵያ ምሳሌ ብቀይር የኔ መጽሐፍ ይሆናል?»

አይሆንም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን የመተርጎምም ሆነ አሻሽሎ የማቅረብ መብት የደራሲው ነው ይላል። ጥበቃው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይቆያል። ሕጉ የማይከለክለው ሐሳቡን ነው። መጽሐፉን አንብቦ መክደን፣ ሐሳቡን በራስዎ ሥራ ላይ መሞከር፣ የሆነውንና ያልሆነውን በራስዎ አነጋገር መጻፍ ይችላሉ። አጭር ጥቅስ ከወሰዱ ደራሲውንና መጽሐፉን ይጥቀሱ።

«በመጽሐፌ የማነሳቸው ነጋዴዎች የደሴ ሰዎች ናቸው። ስማቸውን ብቀይር ይበቃል?»

ደሴ ውስጥ አይበቃም። «ፒያሳ፣ ከባንኩ ጎን የነበረው፣ ከወንድሙ ጋር ተጣልቶ የተለያየው ጫማ ሻጭ» ሲባል ስሙን ከበደ አሉት አሕመድ አሉት ከተማው ያውቀዋል። ሰውን የሚያሳውቀው ስሙ ሳይሆን የሚገጣጠሙት ዝርዝሮች ናቸው፦ ቦታው፣ የሥራው ዓይነት፣ ቤተሰቡ፣ የደረሰበት ነገር። ከአራቱ ቢያንስ ሦስቱን ይቀይሩ፤ ጫማውን ፕላስቲክ ዕቃ፣ ፒያሳን ሌላ ከተማ፣ ወንድሙን የሥራ ሸሪክ ያድርጉት። መቀየር የሌለበት የችግሩ አካሄድ ነው፦ በስንት ተጀመረ፣ ሂሳቡ መቼ ተቀላቀለ፣ ማን ሳይነግር ወጪ አደረገ።

የሰው ኪሳራ ከሆነ ባለቤቱን ያስነብቡት፤ ከተስማማ ያስፈርሙት። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ሱቃቸው ተዘርፎ እንደገና ስለተነሱ ሰዎች ሲጽፉ ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቁ። «ያልተሸነፈው ነጋዴ» የሚል ውዳሴ ለአንባቢ ብዙም አይጠቅመውም። የሚጠቅመው የመጀመሪያው ዕቃ በዱቤ ከማን እንደመጣ፣ አቅራቢው ለምን እንዳመነው፣ የድሮው ዕዳ እንዴት እንደተራዘመ፣ የቱ ሸቀጥ ቀድሞ መደርደሪያ ላይ እንደተመለሰ ነው። ይህንን ጠይቀው ካልጻፉ ታሪኩን ይተዉት።

«የንግድ ፈቃድ፣ የግብርና የዋጋ መረጃ በመጽሐፉ ላስገባ ወይ?»

አሠራሩን ያስገቡ፤ የሚቀያየረውን ቁጥር ግን አያስገቡ። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የማኅበራት ክፍል ከስድሳ ዓመት በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተካ፤ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርም ከዚያ ወዲህ መጣ። ከዚያ በፊት «ብቻህን ማኅበር ማቋቋም አትችልም» ብሎ የመከረ መጽሐፍ ዛሬ አሳሳች ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1341 ተተክቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃን በብር ያሰላ ምሳሌ ሁሉ በወራት ውስጥ አረጀ።

ስለዚህ ምሳሌዎን በመቶኛ ወይም በክብ ቁጥር ይሥሩ፦ «በ100 ብር የገዛኸው» ይበሉ። ሕግ ከጠቀሱ የአዋጁን ቁጥርና ዓመት ይጻፉ፤ መረጃው እስከ የትኛው ወርና ዓመት እንደተጣራ በመጽሐፉ መጀመሪያ አንድ መስመር ያስቀምጡ።

«መናገር እንጂ መጻፍ አይሆንልኝም።»

ይናገሩት፤ ግን ለማይክሮፎን ሳይሆን ለሰው። ጉዳዩን የማያውቅ አንድ ወጣት ፊት ለፊት አስቀምጠው ስልክ ላይ ይቅዱ፤ እሱ «አልገባኝም» ያለበት ቦታ መብራራት ያለበት ቦታ ነው። አንድ ቅጂ ከአርባ ደቂቃ አይብለጥ፣ አንድ ምዕራፍም አይለፍ። ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ ሲሶው ድግግሞሽ ሆኖ ይወጣልና አይደንግጡ። እንዳለ ግን አያሳትሙት፤ ሰው ሲሰማ የሚወደው ጨዋታ ሲያነበው ይሰለቸዋል።

«ረቂቁን ለጓደኞቼ ሰጠሁ፤ ሁሉም “በጣም ጥሩ ነው” አሉኝ። ላሳትመው?»

ገና ነው። «ጥሩ ነው» ያሉት ለእርስዎ ነው፤ ይሉኝታ አለ። መጽሐፉ የተጻፈላቸውን አምስት ሰዎች ይፈልጉ፤ ቢቻል ብዙም የማያውቁዎትን። ሙሉውን አይስጧቸው። አንድ ምዕራፍ፣ ከነመልመጃው፣ ከእስክሪብቶ ጋር ይስጡና ሱቃቸው ውስጥ እንዲሠሩት ያድርጉ። ስለ ዕቃ ክምችት ከሆነ መደርደሪያቸውን ቆጥረው ሠንጠረዡን ይሙሉት። እርስዎ ዝም ብለው ይዩ፤ አያስረዱ። መጽሐፉ ሲሸጥ አብረውት አይሄዱም።

አብዛኛውን ጊዜ የሚደናቀፉት በሦስት ቦታ ነው። አንደኛ፣ እርስዎ በልምድ የሚያደርጉት ሳይጻፍ የቀረ እርምጃ አለ፤ «ትርፍህን አስላ» ብለው ባለቤቱ ለቤት የወሰደው ዘይትና ስኳር የት እንደሚመዘገብ አልነገሩትም። ሁለተኛ፣ ቅጹ በቂ ቦታ የለውም፤ «ብር» የሚለው ዓምድ ስድስት አሃዝ አይይዝም። ሦስተኛ፣ ቃሉ የመሥሪያ ቤት ነው፤ «የጥሬ ገንዘብ ፍሰት» ከማለት በፊት «የገባና የወጣ ገንዘብ» ይበሉት። ከአምስቱ ሦስቱ አንድ ቦታ ላይ ከቆሙ ጥፋቱ የጽሑፉ ነው።

«መቅድሙን ታዋቂ ሰው ቢጽፍልኝስ?»

መጽሐፉን ካነበበው፣ ይጻፍልዎት። ካላነበበው ይቅር።

«ማተሚያ ቤት ልገባ ነው። ስንት ኮፒ ላሳትም? ምን ልጠንቀቅ?»

ለ500፣ ለ1,000 እና ለ2,000 ኮፒ ዋጋ ለየብቻ ያስጽፉ። በኦፍሴት ሕትመት የፕሌቱ (ገጹ የሚቀረጽበት የማተሚያ ሰሌዳ) እና የዝግጅቱ ወጪ ኮፒው በዛም አነሰም አንድ ስለሆነ፣ ቁጥሩ ሲጨምር የአንዱ ዋጋ ይወርዳል። ይህ ነው ብዙዎችን 2,000 አሳትሞ ሳሎን ውስጥ ካርቶን የሚያስደረድራቸው። ስሌቱን ቀድመው ይሥሩ። ለማሳያ ያህል፣ 1,000 ኮፒ 200,000 ብር ቢፈጅ፣ የሽፋኑ ዋጋ 400 ብር ቢሆንና አከፋፋዩ 35 በመቶ ቢወስድ እጅዎ የሚገባው 260 ብር ነው። ወጪዎን ለመመለስ ብቻ 770 መሸጥ አለበት። ያን ያህል ገዢ ከየት እንደሚመጣ በዝርዝር መጻፍ ካልቻሉ ከ500 አይለፉ።

ገጹ በ16 የሚካፈል ይሁን፤ የሚታተመው በፎርም (ታትሞ በሚታጠፍ ትልቅ ወረቀት) ነው፣ አንዱ ፎርም አብዛኛውን ጊዜ 16 ገጽ ነው። 163 ገጽ የሆነ መጽሐፍ የአሥራ አንደኛውን ፎርም ወረቀት ያስከፍላል፤ ሦስት ገጽ ቢቀንሱ ይሻላል። የሽፋኑን ንድፍ የገጹ ብዛት ከመቆረጡ በፊት አያሠሩ። በ80 ግራም ወረቀት 160 ገጽ ማለት 80 ቅጠል ነው፤ ጀርባው (መደርደሪያ ላይ ሲቆም ርዕሱ የሚታይበት ጠርዝ) 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህን ሳያውቁ የተሠራ ሽፋን ላይ የጀርባው ርዕስ ተንሸራቶ ፊት ለፊት ይወጣል።

ጽሑፉን በዩኒኮድ ፊደል ያስተይቡ፤ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ይሆናል። በድሮዎቹ የግዕዝ ፕሮግራሞች የተጻፈ ፋይል ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። የሚያስረክቡት ፊደሉ የተካተተበት ፒዲኤፍ ይሁን። ጸሐፊዎች አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት ይጽፉታል፤ ያኔ መስመር መጨረሻ ላይ ለሁለት ይከፈልና ግማሹ ወደ ታችኛው መስመር ይወርዳል። ከመታተሙ በፊት በአንድ ጊዜ ፈልጎ መተካት ይቻላል።

የመጽሐፍ መለያ ቁጥሩን (ISBN) ከወመዘክር፣ ማለትም ከብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ያውጡ፤ ሕጉ ከታተመው ላይ ቅጂ ገቢ ማድረግንም ይጠይቃል። ሙሉው ከመታተሙ በፊት አንድ የተጠረዘ ናሙና ይቀበሉና ገጽ በገጽ ይቁጠሩት፤ የተገለበጠ ወይም የተደገመ ፎርም የሚያዘው እዚያ ላይ ነው። ሳይፈርሙበት አይመልሱት።

«ደሴ ውስጥ የት ልሽጠው?»

ከመጽሐፍ መደብሮችና ከአዟሪዎች በተጨማሪ የንግድ መጽሐፍ ገዢው ያለው ነጋዴ ዘንድ ነው። ሸቀጥ ከሚያወርዱ ጅምላ ሻጮች ጋር ይነጋገሩ፤ ችርቻሮ ነጋዴው በየሳምንቱ እነሱ ዘንድ ይመጣል። ብድርና ቁጠባ ተቋማት ለተበዳሪዎች፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለተማሪዎች የሥራ ፈጠራ ሥልጠና የሚሰጡበትን ጊዜ አስቀድመው ይጠይቁ። ሱቅ ላይ ሲያስቀምጡ በመጀመሪያ ከአሥር ኮፒ አይለፉ፤ ብዛቱን፣ የኮሚሽኑን መቶኛ፣ ሂሳብ የሚተሳሰቡበትን ቀንና ያልተሸጠው የሚመለስበትን ሁኔታ በሁለት ቅጂ ጽፈው ሁለታችሁም ፈርሙበት። ከእያንዳንዱ ሱቅ የተረከቡትን ደረሰኝ በአንድ ፋይል ያኑሩት።